ቀይ ብርሃንና ያረጀ ጡንቻ

በጌዴኦ ዞን የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የሚጠራ ቀበሌ ናት። ቡናው የሚለቀመው፣ እንሰቱ የሚፋቀው፣ ሸክሙም ዳገት የሚወጣው ግን በሰው ጡንቻ ነው። ገበሬ ጡረታ አይወጣምና ጉልበት መክዳት ሲጀምር ኑሮም አብሮ ይናጋል።

ሳይንሱ ይህን የጡንቻ መሟሸሽ «ሳርኮፔኒያ» ይለዋል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣለት አሜሪካዊው ኢርዊን ሮዘንበርግ ነው። ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጡንቻ መጠን በየዓመቱ በግምት ከመቶ 1 ያህል ይቀንሳል፤ ኃይሉ ደግሞ ከመጠኑ ፈጥኖ ይወርዳል። ጡንቻ ሲጎዳ ነቅተው የሚጠግኑት «ሳተላይት ሴሎች» በእርጅና ይሳሳሉ፣ ይዘገያሉም። የሴሉ የኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያም ይደክማል።

ብርሃን እዚህ ውስጥ የገባው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር በቡዳፔስት ጠጉራቸውን በተላጩ አይጦች ላይ ደካማ የሩቢ ሌዘር ቢያበራ፣ ብርሃን ያረፈባቸው አይጦች ጠጉር ከሌሎቹ ፈጥኖ በቀለ። ዛሬ «ፎቶባዮሞዱሌሽን» የሚባለው ዘርፍ መነሻው ይህ ነው።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው የአንድ ፎቶን ኃይል በሞገዱ ርዝመት ይወሰናል። የ660 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን 1.9 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ለዓይን የማይታየው የ830 ናኖሜትር ታሕተ ቀይ ደግሞ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይይዛል። ይህ ኃይል እንደ ኤክስ ሬይ አተሞችን ወደ አዮን ለመቀየር አይበቃም። ቲና ካሩ ያስፋፋችው ሐሳብ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው «ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ» የተባለ ኤንዛይም ነው ይላል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። በቤተ ሙከራ እንስሳት ጡንቻ ላይ የሳተላይት ሴሎች መነቃቃት ታይቷል። በአረጋውያን ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይስማማም።

እንደ ፊዚክስ መምህር ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጠኑ ጉዳይ ነው። ብርሃኑ ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛም ጥቅሙ ይጠፋል። ከጡንቻው ከመድረሱ በፊትም ቆዳና ስብ ይበትኑታል፣ ይመጡታል። የቆዳችን ሜላኒን ደግሞ ቀዩን ከታሕተ ቀዩ አብልጦ ያስቀራል። ስለዚህ ፈካ ባለ ቆዳ ላይ የተለካ መጠን ለባንኮ አዛውንት እንዳለ አይገለበጥም። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ብርሃን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል እየሳተ እንደሚያልፍ አሳይቷል።

ብርሃን በነጻ አለን የሚል ቢኖር ስሌቱ ያግዘዋል። ጥርት ባለ ቀትር ከ600 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው የፀሐይ ብርሃን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 13 ሚሊዋት ይጠጋል፤ በአምስት ደቂቃ 4 ጁል ገደማ ማለት ነው። ይህ በብዙ ጥናቶች ቆዳ ላይ ከሚሰጠው መጠን ጋር ይቀራረባል። በጌዴኦ ጥምር እርሻ ጥላ ሥር ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅጠል ቀዩን ለራሱ ይመገባል፣ ታሕተ ቀዩን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል ወይም ያንጸባርቃል። (ይህን ለተማሪዎቼ ማሳየት ዘወትር ደስ ይለኛል።) ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ቡና በፀሐይ ሲያሰጣ የኖረውም ሰው ጉልበቱ ይደክማልና፣ ፀሐይ ላይ መቀመጥን መድኃኒት ብሎ መስበክ አይቻልም።

ማስረጃው የጠነከረው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ አሥር ደካማ አረጋውያንን ለ8 ሳምንት ክብደት አስገፉ፤ የእግራቸው ኃይል በአማካይ ከመቶ 174 ጨመረ። ሁለተኛው ምግብ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ባቄላው፣ ወተቱና እንቁላሉ ለልጆች ብቻ ተብሎ ከአዛውንቱ ገበታ መነሳት የለበትም።

የቀይ መብራት መሣሪያ ለወላጁ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሻጩን የሞገዱን ርዝመት፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥና የአጠቃቀሙን ደቂቃ ይጠይቅ። ሦስቱን የማይመልስ ሻጭ የሚሸጠው አምፖል ነው። ከዚያ በፊት ግን አባትን ወይም እናትን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሱና እንዲቀመጡ ማድረግ ይቻላል። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ የጡንቻ መድከም ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋልና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ዱካው አጭር ከሆነ ግን ልኬቱ አይሠራም፤ መቀመጫው እስከ ጉልበት መድረስ አለበት።