ጠጠር የሚፈልጉ ዓሦች

ከሆለታ ተነስቶ ወደ ሙገር የሚወርደው መንገድ እንጭኒን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የሲሚንቶ መኪና ድምፅ ስለለመደ ቀና ብሎም አያይም። እኔ ግን ጭነቱ ከምን እንደተሠራ ካወቅሁ ወዲህ መኪኖቹን እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልኩም። ሲሚንቶው የሚፈጨው ከሙገር ሸለቆ ከሚወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋዩ ደግሞ የባሕር ወለል ነበር። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከዚያም በፊት ለረጅም ዘመን፣ ዛሬ አባይና ገባሮቹ ቆርጠው የሚያልፉትን አገር ባሕር ሸፍኖት ነበር። ጂኦሎጂስቶች በትግራይዋ አንታሎ ስም የሚጠሩት ይህ ንብርብር የዛጎልና የኮራል ቅሪት በውስጡ ይዟል።

ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ጭቃና አሸዋ እያመጡ በላዩ ደረቡበት። ያ የጭቃ ድንጋይ በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት የሚታወቀው በሙገር ስም ነው። በጀማ ወንዝ ሸለቆ ይኸው ንብርብር በሚታይበት ቦታ ተመራማሪዎች የዓሣ ቅሪትና የዳይኖሰር ጥርስ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ አድርገዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ የሸዋ ገደል የዓሣ ታሪክ የሚነበብበት ገጽ ነው። ከዚህ በኋላ የምተርከው ግን ስለ ሞቱት ዓሦች አይደለም፤ ዛሬም በወንዞቻችን ስለሚዋኙት ነው።

ለመነሻ ግን ወደ ባሕር ልመለስ። ኮራል የሚሠራው አለት ከዓለም ውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን በሕይወታቸው አንድ ወቅት እዚያ ይጠጋሉ። ልሙጥ አሸዋ ላይ ትንሽ ዓሣ መሸሸጊያ የላትም፤ ውሃው ሲገፋት የምትጠጋበት የለም፤ የምትግጠው አልጌም ተደላድሎ የሚበቅለው ጠንካራ ነገር ላይ ነው። አለት ሲኖር ስንጥቅ ይኖራል፣ ጥላ ይኖራል፣ በስንጥቁ ውስጥ ትላትልና እጭ ይኖራሉ፣ እንቁላል የሚያርፍበት ቦታም ይኖራል። ኢትዮጵያ ዛሬ ባሕር የላትም። ታዲያ ድንጋይ ለወንዝና ለሐይቅ ዓሦቻችን ምን ያደርግላቸዋል? መልሱ ተሟልቶ ባይገኝም፣ እስካሁን የታወቀውን ለማወቅ ከ160 ዓመት በላይ ወስዷል።

ዓሦቻችንን መጀመሪያ የመረመረው ሰው ባሕሩንም ሐይቁንም አይቶ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ተወላጅ ሲሆን በ1820ዎቹ ቀይ ባሕር ላይ እየተዘዋወረ የኮራል ዓሦችን ሰብስቦ፣ አሥሎ አሳትሟል። በ1831 እንደገና መጥቶ ምፅዋ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ ጣናንም አየ። በ1835 ባሳተመው ሥራ የጣናን ትልልቅ ዓሦች ለያይቶ ስም ሰጣቸው፦ ነድጅያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ በሶ። ስሞቹን የወሰደው ከአገሬው ሰው ነው። የጣና አሥጋሪዎች ዓሦቻቸው የተለያዩ መሆናቸውን ከማንም ምሁር ቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ዘመን ያንን እውቀት ሸፍኖታል።

በ1902 ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና ያመጣቸውን ዓሦች ለንደን ላይ ቡላንዠር የተባለ የዓሣ ተመራማሪ መረመራቸው፤ አዳዲስ ስሞችም ጨመረ። በጣልያን ወረራ ዘመን የመጣው የጥናት ቡድንም እንዲሁ አደረገ። ስሙ እየበዛ ሄዶ ግራ አጋባ። በመጨረሻ በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሁሉንም መርምሮ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው፣ መልካቸው ይለያያል እንጂ ብሎ ደመደመ። ነገሩ ተዘጋ። አንድ ዓይነት ከተባሉ አንድ ዓይነት መኖሪያ ይበቃቸዋል ተብሎ ይታሰባልና፣ የት እንደሚበሉ፣ የት እንደሚራቡ ለይቶ የጠየቀ አልነበረም።

ጥያቄውን እንደገና የከፈቱት ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ የዓሣ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሕር ዳር ከተማ ተቀምጠው ዓሣውን በብዛት መለካት ጀመሩ፦ የጭንቅላቱን ርዝመት፣ የአፉን አቅጣጫ፣ የዓይኑን ስፋት፣ በሆዱ የተገኘውን ምግብ፣ የተያዘበትን ቦታና ጥልቀት። ልኬቱ ሲደረደር ዓሣው አንድ ሆኖ አልተገኘም። በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ 14 መልክ ለይተው አሳዩ፤ በኋላ ቁጥሩ 15 ደረሰ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው፤ እነሱ የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ሆነው ሳለ! ሩፔል ነድጅያ ያለው ደግሞ ወፍራም ከንፈር አለው። ድንጋያማው ዳር ላይ እየተዘዋወረ በድንጋይ መካከል የተሸሸጉ እጮችን በዚያ ከንፈር እየመጠጠ ይበላል።

ይህ ሁሉ የሆነው በአጭር ጊዜ ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ደርቆ ነበር፤ እንደገና የሞላው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ የጣናዎቹ ብቻቸውን ተዘግተው ተለዋወጡ። በዓለም ላይ ከዚህ ቤተሰብ ይህን ያህል ዝርያ በአንድ ሐይቅ ያፈራ ሌላ የታወቀ ቦታ የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ የዚያ ሐይቅ ዓሦች ግን ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፤ ለዚህም ከውጭ የገቡ ዓሦች አስተዋጽኦ አድርገዋል። የቀረው ጣና ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። 15ቱ በአንድ ሐይቅ እየዋኙ፣ በአንድ መረብ እየተያዙ፣ እንዴት ሳይደባለቁ ቆዩ? መልሱ ሊገኝ የሚችለው እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ በማግኘት ነው። ክረምት ሲገባ ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ እንደሚሰበሰቡ የታወቀ ነበር፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ግን መከተል ያስፈልግ ነበር። ተመራማሪዎቹ ወደ ጣና የሚፈሰውን የጉማራን ወንዝ ይዘው ሽቅብ ወጡ። ዋናው ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ ዓሦቹ እዚያ አይቆሙም። ያልፉና ወደ ላይኞቹ ትንንሽ ገባሮች ይገባሉ፤ ውሃው ቀጭን፣ ፈጣንና ጥርት ያለ ወደሆነበት፣ ወለሉም ጠጠር ወደሆነበት። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው።

ለምን ጠጠር? እንቁላል ይተነፍሳል። በጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ፈጣኑን ውሃ ያሳልፋል፤ ውሃው ኦክስጅን ያመጣል። ክፍተቱ እንቁላሉን በጎርፍ ከመወሰድም፣ በሌላ ዓሣ ከመበላትም ይከልለዋል። ያው ክፍተት በደለል ከተደፈነ ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። በባሕር ኮራሉ የሚያደርገውን በጉማራ ገባሮች ጠጠሩ ያደርገዋል።

በ1996 የታተመው ውጤት ሌላም ነገር አሳየ። ዝርያዎቹ በአንድ ጊዜ አይመጡም። አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ዘግይቶ፤ አንዱ ይህን ገባር ይመርጣል፣ ሌላው ያንን። ወደ ወንዝ የሚወጡት እንዳይደባለቁ የረዳቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራውን ወደ ሌሎቹ ወንዞች አሰፉት፤ ዶክተር ዋሴ አንተነህና ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ከባልደረቦቻቸው ጋር በመገጭና በድርማ፣ ዶክተር ሸዊት ገብረመድህን በአርኖ ጋርኖ። ሰባቱ ዝርያዎች ወደ ወንዝ እንደሚወጡ ተረጋገጠ።

የድንጋይ ጉዳይ በትልልቆቹ ዓሦች አያበቃም። በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ውስጥ ጋራ የሚባል ወገን ትንሽ ዓሣ አለ፤ ገበያ አይወጣም፣ ልጆች ካልሆኑ በቀር የሚፈልገውም የለም። ከአገጩ በታች ክብ መምጠጫ ስላለው ፈጣን ውሃ ውስጥ እንደ ዋግምት ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ አልጌውንም እየፋቀ ይበላል። ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠሩት ሜላኒ ስቲያስኒ በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። ከመካከላቸው ሁለቱ በጣና ብቻ የሚገኙ ሲሆን መምጠጫቸው አንሷል። ሐይቅ ውስጥ የሚገፋ ጅረት የለም፤ ድንጋይ ሙጥኝ ማለት ግድ ያልሆነበት ዓሣ የሙጥኝ ማያው አካል እየቀነሰ ሄዷል። በኢሉባቦር ሶሬ ወንዝ ደግሞ በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት በአንድ ወንዝ ውስጥ የተለያዩ ስድስት መልኮችን አገኘ፤ አንዱ ወፍራም ከንፈር አለው፣ አንዱ አዳኝ ሆኗል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓሣ፣ የጣናን ተአምር በአንድ ወንዝ ውስጥ ደግሞታል።

አደጋውን ሳይጠቅሱ ይህን ታሪክ መጨረስ አይቻልም። በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ጣና ገቡ፤ ከዚያ በፊት አሥጋሪው በደንገል ታንኳ በዳር በዳሩ ነበር የሚሠራው። ክረምት ላይ ዓሦቹ በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ወደ ላይ ያለፉትን ደግሞ በብርብራ ፍሬ ውሃውን መርዘው የሚይዙ አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት በኋላ የተደረጉትን የመረብ ናሙናዎች ያነጻጸሩት ተመራማሪዎች ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን በ2004 ጽፈዋል።

መረብን በሕግ መከልከል ይቻላል፤ በመራቢያ ወራት ማጥመድን ማቆምም ይቻላል። የወለሉ ጠጠር ከተወሰደ ግን ዓሣው በሰላም ቢደርስም የሚያርፍበት የለም። የጣና ገባሮች አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይቆፈራል። ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ የምትሠራው በድንጋይ፣ በአሸዋና በሲሚንቶ ነው፤ ከወንዞቻችንም ብዙዎቹ ወደ ሙገርና ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ አባይ የሚወርዱ ናቸው። ቆፋሪውን አልወቅስም፤ የዕለት እንጀራው ነው። ነገር ግን የትኛው ገባር በክረምት የዓሣ መራቢያ እንደሆነ ሳይጠና የመቆፈሪያ ፈቃድ መስጠት ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጥናቱ ውድ አይደለም፤ በክረምት መረብ ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ይበቃል።

ከ15ቱ ሰባቱ ወንዝ ይወጣሉ ብያለሁ። የቀሩት ስምንቱስ? ተመራማሪዎች በመራቢያው ወራት ወንዞቹ ውስጥ በአብዛኛው አላገኟቸውም፤ ስለዚህ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ ወይም ዳር ዳሩን ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ይዘዋል። ግምቱ ትክክል ከሆነ የሐይቁ የውሃ ከፍታ ራሱ የዓሣ ጉዳይ ይሆናል። በሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ የጣና ውሃ በሰው ቁጥጥር ሥር ነው። በ2003 ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች መሥራት አቅቷቸው ነበር፤ ያን ጊዜ የታየው ጭንቀት የትራንስፖርትና የመብራት ነበር። የዳሩ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በዚያ ዓመት የትኛው ዝርያ እንቁላሉን የት እንደጣለ የመዘገበ ጥናት አላገኘሁም። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በየወሩ ሲመደብ፣ የዳሩ አለት በየትኞቹ ወራት ከውሃ በታች መቆየት እንዳለበት የሚናገር የዓሣ ባለሙያ ከመሐንዲሱ ጎን መቀመጥ አለበት።