ሱቃችሁ እንዳይዘጋ፦ ስለ መነሻ ገንዘብ፣ ስለ ዱቤና ስለ መዝገብ አያያዝ

የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በካምፑ ውስጥ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ምግብ ቤት ከፍተው ሠርተዋል። ለዓመታት የዘለቁ አሉ፤ በጥቂት ወራት የተዘጉም አሉ። ሱቅ የሚዘጋው ሁልጊዜ ገበያ ጠፍቶ አይደለም። ደንበኛ እየመጣ፣ ዕቃውም እየተሸጠ የሚከስር ነጋዴ ብዙ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

1. መነሻ ገንዘብንና ትርፍን መለየት

አንድ ሰው በ20,000 የኬንያ ሽልንግ መነሻ ሱቅ ከፈተ እንበል። በቀን የ3,000 ሽልንግ ዕቃ ይሸጣል። ዕቃውን የገዛው በ2,600 ነው። ለኪራይና ለማጓጓዣ 100 ሽልንግ ቢያወጣ የተጣራ ትርፉ 300 ሽልንግ ብቻ ይሆናል። ማታ 3,000 ሽልንግ በእጁ ሲያይ ግን ሁሉም የእሱ ይመስለዋል። ከዚያ ላይ በየቀኑ 500 ሽልንግ ለቤት ወጪ ቢያነሳ፣ 200ው የሚነሳው ከመነሻው ገንዘብ ነው። በ50 ቀን ውስጥ የመነሻው ግማሽ ተበልቶ ያልቃል።

መፍትሔው ለራስ የቀን አበል መወሰን ነው። ከ300 ሽልንግ ትርፍ 200ውን ለቤት፣ 100ውን ለሱቁ መተው ይቻላል። ዝናብ መንገድ ሲቆርጥና የዕቃ ዋጋ ሲጨምር ሱቁን የሚያቆየው ይህ ተቀማጭ ነው። ዕቁብም ቢሆን ከትርፍ እንጂ ከመነሻ ገንዘብ መጣል የለበትም።

2. ዱቤን በልክ መስጠት

ራሽን ሲቀነስ ዱቤ ጠያቂው ይበዛል። የአገር ልጅን እምቢ ማለት ይሉኝታ ያስይዛል፤ ጨርሶ መከልከልም ደንበኛን ያርቃል። ሆኖም የ1,500 ሽልንግ ዕቃ በዱቤ የወሰደ ደንበኛ ሳይከፍል ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድ፣ ዕቃው የተገዛበት 1,300 ሽልንግ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ይህን ለመተካት ከአራት ቀን በላይ የሚገኘው ትርፍ ሁሉ ያስፈልጋል። ስለዚህ፦

ሀ. በጠቅላላው ለዱቤ የምታውሉትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ወስኑ። በምሳሌያችን ከ2,000 ሽልንግ ባይበልጥ ይመረጣል።

ለ. ቀኑን፣ ዕቃውንና ዋጋውን ደንበኛው ፊት ጽፋችሁ አስፈርሙት።

ሐ. የቀድሞውን ላልከፈለ አዲስ አትጨምሩ።

3. መዝገብ መያዝ

አንድ ደብተር ይበቃል። በየማታው የተሸጠውን፣ የተገዛውን፣ ለቤት የተወሰደውንና በዱቤ የወጣውን ጻፉ። በኤምፔሳ የገባውንም አትርሱ። መጻፍ የማይችል ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን ቢያስጽፍ ይችላል።

በወር አንድ ጊዜ በሱቁ ያለውን ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ቁጠሩ። በእጅና በስልክ ያለውን ገንዘብ፣ እንዲሁም በእርግጥ የሚከፈለውን ዱቤ ደምሩበት። ድምሩ ከ20,000 በታች ከሆነ ሱቁ እየከሰረ ነውና የቤት አበሉን ወይም ዱቤውን ወዲያውኑ መቀነስ ይገባል። ይህ የሚታወቀው መደርደሪያው ባዶ ከመሆኑ በፊት ከሆነ ሱቁን ማዳን ይቻላል።