ሳንቲሟ ያልተናገረችው

ጠጋ በሉ፣ ዜናው የዘለለውን ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የፀረ ባርነት ታጋይዋ የሃሪየት ተብማን አባት የቤን ሮስ ቤት የነበረበት ቦታ መገኘቱ ሲበሰር፣ የሁሉም ዓይን ያረፈው በፍለጋው በተገኘች፣ በ1808 በተሠራች አንዲት ሳንቲም ላይ ነበር። ቤንና ሚስቱ ሪት ተጋብተውበታል ከሚባለው ዘመን ጋር መግጠሟ ወሬውን አሞቀው። የቁፋሮ ሰዎች ግን በአንዲት ሳንቲም አይምሉም። ሳንቲም ከማንም መንገደኛ ኪስ ይወድቃል፤ ከተሠራ በኋላም ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ፍለጋውን ያስጀመረው ወረቀት ነው። ቤንን በባርነት ይዞት የነበረው አንቶኒ ቶምፕሰን በ1836 ሲሞት፣ ቤን ከ5 ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጣና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በ10 ኤከር መሬት እንዲጠቀም ተናዞ ነበር። ኑዛዜው መሬቱን እንጂ ጎጆውን አያሳይም። ስለዚህ የሜሪላንድ መንገዶች መሥሪያ ቤት ዋና አርኪዮሎጂስት ጁሊ ሻብሊትስኪ የመራችው ቡድን በ2020 መጸው መሬቱ ያለበት ረግረግ ውስጥ ገብቶ ወደ 1000 የሚጠጉ የሙከራ ጉድጓዶች ቆፈረ። አፈሩ በአካፋ ይወጣል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ብዙውን ጊዜ ምንም አይገኝም።

በማርች 2021 ሲመለሱ ግን ምስማር፣ ጡብ፣ መስታወት፣ የልብስ ቁልፍና የሳህን ስብርባሪ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ አገኙ። ምስጢሩ ስብርባሪው ላይ ነው። የሳህን ቀለምና ጌጥ በየጊዜው ይለዋወጥ ስለነበር፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ዘመኑን ይናገራል። እዚያ የተገኘው ደግሞ ቤን በቦታው ከኖረባቸው ዓመታት ጋር ገጠመ። ቤቱን ያሳወቀው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው።

ቤን የእንጨት ቆራጮች አለቃ ነበር። እርሱ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ነፃ ሲወጣ ሚስቱና ልጆቹ ግን በባርነት ቀሩ፤ ሪትን በ20 ዶላር የገዛት በ1855 ነው። የእንዲህ ዓይነት ሰው ኑሮ በመዝገብ የሚገኘው በሌሎች ብዕር ተጽፎ ነው። የበላበት ሳህንና ቤቱን የያዘው ምስማር ግን የራሱ ናቸው።

እኛን የሚያሳስበን ውሃው ነው። ቦታው ያለበት የብላክዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ በውሃ ተውጦበታል። ሳንቲሟን ያደነቀ ሁሉ ለአካፋውና ለወንፊቱም ይሟገት፤ ነፃ የወጡ ቤተሰቦች የኖሩበት መሬት ሳይሰምጥ መቆፈር አለበት።