ቀዩ ርችት ለምን ሰማይ ይወጣል?

መርከብ ላይ ስላለው የአደጋ ጊዜ ርችት ልንገራችሁማ! ሲታይ እንደ ቀላል ነገር ነው፤ አሠራሩ ግን እጅግ የታሰበበት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ከተጎጂው ቦታ ሆናችሁ እዩት። በነፍስ አድን ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከውኃው በላይ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አድማሱ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ያልቅበታል። በእጁ የያዘው መብራት የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ሩቅ ላለ መርከብ የባሕሩ ጉብታ ይጋርደዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ከማድመቅ ይልቅ ወደ ላይ መስደድ ነው የሚያዋጣው። ከ300 ሜትር ከፍታ አድማሱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል!

ሮኬቱ ብርሃኑን ወደዚህ ከፍታ ያደርሰዋል። የቱቦው ክዳን ይከፈታል፣ ገመዱ ይሳባል፣ ሮኬቱ ይወነጨፋል። ላይ ሲደርስ ትንሽ ፓራሹት ትዘረጋለች፤ ከሥሯም ቀይ እሳት ይንጠለጠላል። ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት የሚያዘው የ30,000 ሻማ ያህል ብርሃን ነው፤ ቢያንስ 40 ሰከንድ መንደድ፣ በሰከንድም ከ5 ሜትር በላይ አለመውረድ አለበት። አስሉት፦ በ40 ሰከንድ ቢበዛ 200 ሜትር ቢወርድ፣ እሳቱ ሲጠፋ ገና 100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ቀለሙስ? ማግኒዚየም ኃይለኛ ሙቀት ይሰጣል፤ ብቻውን ቢሆን ነጭ ነበር። ቅላቱ የሚመጣው ከስትሮንቲየም ናይትሬት ነው። ይኸው ቅመም ኦክስጅንም ስለሚያቀብል እሳቱ አየር አይለምንም። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ለ10 ሰከንድ ውኃ ውስጥ ቢነከር እንኳ መንደዱን መቀጠል አለበት፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቀለሙ አንድ መሆኑም ነፍስ ያድናል። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. የተኮሰው ነጭ ሮኬት ነበር። በአቅራቢያው የነበረው የካሊፎርኒያን መርከብ መኮንኖች አይተውታል፤ ካፒቴኑ ግን የኩባንያ መለያ ምልክት ይሆን ብሎ ጠየቀ እንጂ በሌሊት ለእርዳታ አልተንቀሳቀሰም። ዛሬ በባሕር ላይ ቀይ ርችት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ድረሱልን።

እናንተም ባሕር ዳርቻ ላይ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ቀይ ብርሃን ቀስ ብሎ ሲወርድ ካያችሁ፣ የበዓል ርችት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ለባሕር ጠባቂዎች ደውሉ።