የቴዜ ኮረብታ አገልጋዮች

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ ምድር፣ ከጥንታዊው የክሉኒ ገዳም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ቴዜ የሚባል ትንሽ መንደር አለ። በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ ይኸውም በሐምሌና በነሐሴ፣ በየሳምንቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከብዙ አገሮች ወደዚህ መንደር ይጎርፋሉ። በድንኳንና በቀላል የእንጨት ቤቶች ያድራሉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ አብረው ይጸልያሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናሉ። የዚህን ሁሉ ሕዝብ ምግብ የሚያድለው፣ ሽንት ቤቱን የሚያጸዳው፣ በሌሊት የደረሰውን እንግዳ ተቀብሎ ማደሪያውን የሚያሳየው ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ሥራውን የሚሠሩት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከመካከላቸውም ለሳምንታት ወይም ለወራት በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የቀሩት ያስተባብሩታል።

የስፍራው ታሪክ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1940 የስዊዘርላንድ ተወላጅና የፕሮቴስታንት ፓስተር ልጅ የሆነው ሮዤ ሹትዝ በ25 ዓመቱ ወደ ቴዜ መጥቶ ቤት ገዛ። ፈረንሳይ ያኔ በጀርመን ጦር በተያዘና ባልተያዘ ክፍል ተከፍላ ነበር፤ መንደሩም ለመለያው መስመር ቅርብ ነበር። ሮዤ ከእኅቱ ከዤንቪዬቭ ጋር ስደተኞችን፣ አይሁዳውያንንም ጭምር፣ በቤቱ አስጠጋ። በ1942 ነገሩ በመታወቁ ከቴዜ መራቅ ግድ ሆነበት፤ በጄኔቫ ቆይቶ በ1944 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ብዙዎችን የሚያስገርም ነው። በአካባቢው በካምፕ የተያዙ የጀርመን ምርኮኞችን እሑድ እሑድ ይቀበል ጀመር። ከጀርመኖች የሚሸሹትን ሲሸሽግ የነበረ ሰው፣ የተሸነፉትን ጀርመኖች በገበታው ዙሪያ ማስቀመጡ ቴዜ ዕርቅ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስረዳል።

በ1949 የፋሲካ በዓል ሮዤን ጨምሮ ሰባት ሰዎች እንደ ገዳም ወንድሞች በድንግልና፣ በጋራ ኑሮና በቀላል አኗኗር ዕድሜ ልካቸውን ለመኖር ቃል ገቡ። መጀመሪያ ሁሉም ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ኋላ ካቶሊኮችም ገቡበት፤ ዛሬ ወንድሞቹ ከሠላሳ ገደማ አገሮች የመጡ ናቸው። በገዳሙ ውስጥ የሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ልጆች በአንድ ሥርዓት መኖራቸው ወጣቶችን ሳበ፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የሚመጣው ሰው እየበዛ ሄደ፤ የመንደሩ ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ጠበበ።

አዲሱን የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ድካሙን የሰጡት የጀርመን ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች የወላጆቻቸው ትውልድ ግፍ በፈጸመባቸው አገሮች ሄዶ በእጅ ሥራ ይቅርታ የመጠየቅ ዓላማ የነበረው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባላት ነበሩ። ሕንፃው በነሐሴ 1962 ተመረቀ። ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላ እርሱም ጠበበ፤ በ1971 ለፋሲካ ለሚመጣው ሕዝብ ቦታ ለማግኘት የፊት ለፊቱን ግድግዳ አፍርሰው ድንኳን ቀጠሉበት። የሕንፃን ውበት ለእንግዳ ሲባል መሥዋዕት ማድረግ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የቴዜ ወንድሞች ግን አላመነቱም።

የቋንቋው ብዛትም ሌላ መፍትሔ ወለደ። ፖላንዳዊ፣ ፖርቱጋላዊና ስዊድናዊ ጎን ለጎን ተቀምጠው ረጅም መዝሙር አብረው ሊዘምሩ አይችሉም። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈረንሳዊው የዜማ ደራሲ ዣክ ቤርትዬ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ብዙዎቹ በላቲን የሆኑ አጫጭር ዝማሬዎችን አዘጋጀ። አንዲት ዐረፍተ ነገር እየተደጋገመች ትዘመራለች፤ በሁለተኛው ዙር ላይ አዲስ መጪውም ይዟት ይገባል። በኅብረት ተደጋግሞ በሚዘመር ዜማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የሳምንቱ መርሐ ግብር ከእሑድ እስከ እሑድ ነው። ቀኑ በጠዋት ጸሎት ይጀምራል፤ ከዚያ ቁርስ፤ ከቁርስ በኋላ ከወንድሞቹ አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ያብራራል፤ ወጣቶቹም በትናንሽ ቡድን ተከፍለው ይወያያሉ። በእያንዳንዱ ጸሎት መካከል ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ዝምታ አለ፤ ስልክ ከእጁ የማይለይ ወጣት መጀመሪያ የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሄደ በኋላ የሚናፍቀውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ዓርብ ማታ በመስቀል ዙሪያ ይጸልያሉ፤ ቅዳሜ ማታ ሁሉም ጧፍ ያበራል። ምግቡ ቀላል ነው፤ የሚበላውም በማንኪያ ብቻ ነው፤ ሻዩም በጎድጓዳ ሳህን ይጠጣል።

ከሌሎች የወጣት ካምፖች ቴዜን የሚለየው ሥራው ነው። ለአንድ ሳምንት የመጣውም ቢሆን የሥራ ድርሻ ይሰጠዋል፦ ሳህን ማጠብ፣ ምግብ ማደል፣ መታጠቢያ ቤት ማጽዳት። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩት በጎ ፈቃደኞች ኃላፊነታቸው ይሰፋል። አንዱ ወጥ ቤቱን ያስተባብራል፤ ሌላዋ የመጡትን መዝግባ ማደሪያ ትሰጣለች፤ ሌሎች በሌሊት እየዞሩ ጸጥታ ያስከብራሉ። ወንዶቹና ሴቶቹ በተለያየ ቤት ይኖራሉ። ወንዶቹን ከወንድሞቹ አንዱ ያማክራቸዋል፤ ሴቶቹን ደግሞ በአቅራቢያው ከሚኖሩት የቅዱስ እንድርያስ እኅቶች ከተባሉት መነኮሳይት አንዷ ታማክራቸዋለች። ደመወዝ የለም፤ ምግብና መኝታ ይሰጣቸዋል። ወንድሞቹ ራሳቸውም ለኑሯቸው ስጦታም ሆነ ውርስ አይቀበሉም፤ ሸክላ ሠርተውና መጽሐፍ አሳትመው በሚሸጡት ይተዳደራሉ።

በውጭ አገር የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነት ብዙ ጊዜ ሰጪና ተቀባይን ይለያል፤ ባለ ገንዘቡ ወጣት ወደ ድኻ አገር ሄዶ የአገሬው ግንበኛ የተሻለ ሊሠራው የሚችለውን ግድግዳ ሠርቶ ይመለሳል። በቴዜ ይህ ልዩነት የለም። የሚበላው ሁሉ ያጥባል፤ የጀርመኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የሮማኒያው የገበሬ ልጅ አንድ መጥረጊያ ይቀባበላሉ። የዚህ አገልግሎት ክብሩ ከዚህ ላይ ነው።

ስፍራው ከሐዘንና ከበደል አላመለጠም። ነሐሴ 16 ቀን 2005 ወንድም ሮዤ በ90 ዓመቱ፣ በማታ ጸሎት ላይ፣ በሺዎች ፊት የአእምሮ ሕመም ባለባት ሴት በስለት ተወግቶ ሞተ። እርሱን የተኩት ጀርመናዊው ወንድም አሎይስ በ2019 ደግሞ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በነበሩት ዓመታት አንዳንድ ወንድሞች ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን በይፋ ገለጹ፤ ጉዳዩንም ለዓቃቤ ሕግ አሳወቁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለቤተ ክርስቲያን ስም ሲባል መደበቅ ኃጢአትን በኃጢአት መሸፈን ነው፤ መናገራቸው ትክክል ነበር። ልጁን ወደ የትኛውም ካምፕ የሚልክ ወላጅም አዘጋጆቹ ለልጆች ጥበቃ ምን ዓይነት ደንብ እንዳላቸው፣ አቤቱታ የሚቀበለው ማን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው። በቴዜ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት ከኃላፊ አዋቂ ጋር ብቻ ይመጣሉ።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መንገዱ ቅርብ ነው፤ የፈጣኑ ባቡር ማኮን ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ይህም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ደግሞ አንድ ነገር ያስብ፦ ስፍራው እጅግ የሚደምቅበት የነሐሴ ወር ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ቁርሱ ደግሞ ዳቦና ቅቤ ነው። ጾሙን አስቀድሞ ለአስተናጋጆቹ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ማንም የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲተው አይጠየቅም፤ በዕርቅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለኦርቶዶክሳውያን የተለየ ጸሎት ቤትም አለ።

ረዘም ላለ ጊዜ ለማገልገል የሚፈልግ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ወጣት ለቴዜ ወንድሞች ማኅበር በቀጥታ ይጻፍ። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ደብዳቤውን ከበጋው ወራት በፊት፣ ወራት አስቀድሞ ይላክ፤ ሲጽፍም ምን መማር እንደሚፈልግ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ሥራ ለመሥራት ዝግጁ እንደሆነ ይግለጽ።