«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ»፦ በቤት ውስጥ ስለሚሰማው የሕፃናት አነጋገር



የንግግሬ ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ ጥቂት አልነበራችሁም። ልጆች በቤት ውስጥ የሚናገሩት አስቂኝ ነገር ለቡና ጨዋታ እንጂ ለምሁራን መድረክ የሚመጥን ጉዳይ አይመስልም። አበውም ቢሆኑ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ይሁንና እነዚያው አበው «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» የሚል ሌላ አነጋገር ትተውልናል። ይህን የተናገረ ሰው ልጅን ቀርቦ ያደመጠ ይመስለኛል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ጥሬው ፍሬ ነው፤ ብስሉን ሁሉም ሰው ያደንቀዋልና።

ወደዚህ ጉዳይ የመራችኝ አንዲት የዛሪማ እናት ናት። ዛሪማ፣ ለማታውቋት፣ ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ከወረደ በኋላ ወደ አዲ አርቃይ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍባት የቆላ ከተማ ናት። ይህች እናት ሦስት ዓመት ያለፈው ልጇ «አፉን ከፈታ በኋላ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው» አለችኝ። ሁለት ዓመት እንደሞላው አባቱን «ና» ብሎ ይጠራ የነበረው ልጅ አሁን «ምጣ! ምጣ!» ማለት ጀምሯል። አያቱ ምጣድ የጠየቀ መስሏቸው «ገና እንጀራ እየጋገርኩበት ነው» ብለው መለሱለት። ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። እናቲቱ ግን አልሳቀችም። ዓይን በልቶት ይሆን ወይስ ጆሮው ታሞ ይሆን ብላ ሰግታለች፤ ጠበል ልውሰደው ወይስ ጤና ጣቢያ ስትልም ጠየቀችኝ። ያን ዕለት በአጭሩ የሰጠኋትን መልስ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ላቀርብላችሁ ነው።

ልጁ ያደረገውን እንመልከት። «ሰማ» ካለ «ስማ» ይላል፤ «በላ» ካለ «ብላ»፤ «ገባ» ካለ «ግባ»። እንግዲህ «መጣ» ካለ ምን ሊል ነው? «ምጣ» ነዋ! ሕጉን የጠበቀው ልጁ ነው፤ ሕጉን ያፈረሰችው ቋንቋችን ናት። «ና» ከ«መጣ» ጋር አንድም ፊደል አይጋራም። ይህም አዲስ ጉዳት አይደለም፤ በግእዝ «ነዓ»፣ በትግርኛም «ንዓ» ይባላል፤ ዐረብኛም «ጃአ» የሚለውን ግሥ በትእዛዝ ጊዜ ትቶ «ተዓል» ይላል። አዋቂው ይህን ሽሮ የመጣ ልማድ ሳያስበው ወርሶታል። ልጁ ግን አስቦበታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያ ቤት፣ በዚያ ጎረቤት፣ በዛሪማ ገበያም ቢሆን «ምጣ» የሚል አዋቂ የለም። ስለዚህ ልጁ ይህን ቃል ከማንም ሰምቶ ሊደግመው አይችልም። ልጅ የሰማውን እንደ በቀቀን ይደግማል የሚለው የቆየ እምነት በዚች አንዲት ቃል ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይታለች። በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ሥላ፣ የሌለ ስም አውጥታለት፣ «አሁን ደግሞ ሁለት ሆኑ» እያለች ሕፃናቱን ብዙውን እንዲናገሩ ጠየቀች። ልጆቹ ሰምተው ለማያውቁት ስም የብዙ ቍጥር ምልክቱን አስተካክለው ጨመሩለት። ሕጉ በውስጣቸው አለ ማለት ነው። የእኛዎቹ እናቶች ግን ሥዕል ሳያስፈልጋቸው ይህን ፈተና በየቀኑ ያዩታል።

የእናቲቱን ስጋት የሚመልሰው ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው። ልጁ በሁለት ዓመቱ «ና» ሲል ቃሉን የያዘው እንደ አንድ ድፍን ጠጠር ነበር፤ ከ«መጣ» ጋር አላዛመደውም። በሦስት ዓመቱ ግን ግሦች እንደሚራቡ ደረሰበት። ሕግ ያገኘ ሰው ደግሞ ሕጉን በሁሉም ላይ ይሞክራል። ስለዚህ ትክክል የነበረው ተበላሸ፤ ቈይቶ የሕጉን ጥሰት ለብቻው ሲማር ይመለሳል። ይህ ትክክል፣ ከዚያ ስሕተት፣ ከዚያ እንደገና ትክክል የሚለው ጕዞ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም ላይ በሚገባ የታወቀ ነው። ልጁ ወደ ኋላ የተመለሰ የመሰለው ወደ ፊት ሲራመድ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዘመዶቼና በጎረቤቶቼ ቤት የምሰማውን በደብተር መያዝ ጀመርኩ። ሥራው አዲስ አይደለም፤ ሩሲያዊው የልጆች ደራሲ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ «ከሁለት እስከ አምስት» ለተሰኘው መጽሐፉ ወላጆች የላኩለትን ብዙ ደብዳቤ ተጠቅሟል። የእኔ ደብተር ትንሽ ነው። በውስጡ ግን አንድ ገጽ አለ፣ ለሥነ ልሳን ተማሪዎች ሁሌም የማነበው። የአንዲት ልጅ እናት «ሂጂና ዳቦ መኖሩን እይ» ብላ ትልካታለች። ልጅቱ ሌማቱን ከፍታ ትመለስና «ዳቦ አላለም» ትላለች። ታላቅ እኅቷ ወዲያው «ዳቦ ደግሞ ምን ይላል?» አለቻት። አያችሁ? «መጣ» ሲካድ «አልመጣም» ይሆናል፤ «ሄደ» «አልሄደም»። «አለ»ስ? በዚያው ሚዛን «አላለም» ሊሆን ነው። የእኛ ቋንቋ ግን እንደገና መንገድ ይስትና «የለም» ይላል። ልጅቱ «ላ»ን አላልታ፣ «ለ»ን ግን አጥብቃ እንደተናገረችው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማለትም «አለ» ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር መሆኑን ለይታ ታውቃለች። የሳተችው እኅቷ ናት።

መጥበቅና መላላትን ካነሣን ዘንድ፣ ፊደላችን ይህን ልዩነት በተለመደው ጽሕፈት አያሳይም። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እየገመትን እናነባለን፤ ልጅ ግን ገና አያነብምና በጆሮው ብቻ ነው የሚኖረው። ጾሙ የረዘመበት አንድ ልጅ «ገና መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባቱ «ገና ነው» ይለዋል። «ዛሬ ነው?» ብሎ ዘለለ። ለሦስት ተከታታይ ቀን እንዲሁ ሆነ። ደግሞም አንዲት ልጅ «ዋናው መንገድ ላይ እንዳትሄጂ፣ መኪና አለ» ስትባል፣ «ዋናማ ወንዙ ላይ ነው እንጂ» ብላ የዛሪማን ወንዝ አመልክታለች። መኪናው ግን እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ ዳር የሚያድግ ልጅ የአዋቂውን ማስጠንቀቂያ በትክክል መረዳቱ የሕይወት ጉዳይ ነውና ይህኛው ሳቅ ትንሽ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ማረመው ጉዳይ ልለፍ፤ እዚህ ላይ የእኛ ቤት ከሌላው ዓለም ይለያል ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ሮጀር ብራውንና ካሚል ሃንሎን አሜሪካውያን ወላጆች ልጆቻቸው ሲናገሩ ምኑን እንደሚያርሙ መርምረው ነበር። ወላጆቹ የሚያርሙት በአብዛኛው እውነትነቱን እንጂ ሰዋስዉን አልነበረም። የተበላሸ ዐረፍተ ነገር እውነት ከሆነ ያልፋል፤ የተስተካከለው ሐሰት ከሆነ ይታረማል። በእኛም ቤት «ምጣ» በሳቅ ያልፋል፤ «ዳቦ አላለም» ያልፋል። ነገር ግን ልጅ አንድን ሽማግሌ «አንተ» ካለ ወሬው ይቆማል፣ ቡናው ይቆማል፣ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። «አንቱ በል!» ይባላል። ሰዋስዉ እዚህ ላይ የአስተዳደግ መለኪያ ሆኗልና አይታለፍም። በደብተሬ ውስጥ ያለማመንታት የታረመ ስሕተት ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ውጤቱም ይታያል። የአክብሮቱን አንቀጽ ልጆች በጊዜ ይይዙታል፤ ይዘውትም የት እንደሚያቆሙ አያውቁም። ጠዋት ጎረቤቱን «አንተ» ብሎ የተቈጣ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ አህያውን በሽመል እየነዳ «ይሂዱ! ኧረ ይሂዱ!» ሲል ተሰምቷል። ሌላዋ ደግሞ «አያትሽ መጡ» ስትባል «ስንት ሆነው?» ብላለች። ይህች ልጅ ፍጹም ልክ ናት፤ በአማርኛ የሩቅ ሰው አክብሮት ከብዙ ቍጥር ጋር አንድ ዐይነት ግሥ ይጋራል። አንድን ሰው ለማክበር እናበዛዋለን። እኛ ከለመድነው ቈይተናል፤ ሰምቶ የሚደነቀው ቋንቋውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ሳቅ ከሰዋስው አይመጣም፤ ከፍቅራችን ይመጣል። ልጅ ሲወድቅ እናት «እኔን!» ትላለች። አንድ ልጅ ጕልበቱን እያሻሸ «አንቺን አይደለም፤ የወደቅሁት እኔ ነኝ» አላት። እናት ወንድ ልጇን «አባቴ» ብላ ስትጠራው «አባትሽ እኮ ዳባት ናቸው» ብሎ ያረማታል። ከሁሉ የሚብሰው የማዕድ ላይ ልመናችን ነው። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ጕርሻ!» እንላለን። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አክስቷ ይህን ስትላት ጕርሻውን በአፏ እንደያዘች አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ስትጠየቅ «አፈር ከሆነች ማን ያጐርሰኛል?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ ግን ቃሉን በፍች የሰማው ከዚያ ማዕድ ዙሪያ ማን ነበር? እኛ ከልምድ የተነሣ ሞትን ለወጥ ማጣፈጫ አድርገነዋል።

የስዊሱ ዣን ፒያዤ ልጆች ግዑዙን ነገር ሕይወት እየሰጡ ያስባሉ ብሎ ብዙ ጽፏል። እውነትነት አለው፤ ሆኖም ልጁ ምን አይቶ እንደተናገረ ሳያጣሩ ወደዚህ ፍች መሮጥ አይገባም። የዛሪማ ሙቀት ለምዶ ያደገ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለዳ ደባርቅ ላይ ከመኪና ሲወርድ፣ ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት አይቶ «እማ፣ ሆዴ ውስጥ እሳት ነዷል» አለ። ይህ ተረት አይደለም። ጢስ ባለበት እሳት አለ፤ ከምድጃው አጠገብ የተማረውን በራሱ አፍ ላይ ፈረደ። ቆላን ከደጋ የሚለየውን ቅዝቃዜ ማንም ገና አልነገረውም።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለኝ። ቤት ውስጥ የሳቃችሁበትን ቃል እንግዳ በመጣ ቍጥር ልጁን አቁማችሁ «እስቲ እንዴት ነበር ያልከው?» ስትሉት አያለሁ። በመጀመሪያው ቀን አብሮ ይስቃል። በአምስተኛው ቀን ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ሕጉን መሞከሩን ያቆማል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም እጁን ከማውጣት መቀመጡን ይመርጣል። መሳቁስ ይሳቅ፤ ደስ የሚል ነገር ነውና ማን ይከለክላል? ነገር ግን ወዲያው ትክክለኛውን ቃል በንግግራችሁ ውስጥ አስገብታችሁ መልሱለት፦ «ምጣ» ሲል «እሺ፣ ና ካልከኝ መጣሁ» በሉት። ሊያሰጋን የሚገባው ሌላ ነው። ለድምፅ የማይዞር፣ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ፣ ወይም የነበሩት ቃላት ከአፉ ጨርሰው የጠፉበት ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ጆሮው ይመርመር። የዛሪማዋን እናት የጠየቅኋትም ይህንኑ ነበር፤ ልጇ ግን ሽሮ ሲንተከተክ ከጓሮ ሰምቶ የሚሮጥ ነው።

ተማሪዎች፣ ለጽሑፍ ሥራችሁ ይህን መስክ የምትመርጡ ካላችሁ፣ ቃሉን ብቻ አትጻፉ። የልጁን ዕድሜ በወር ጻፉ፤ ከእርሱ ቀድሞ አዋቂው ምን እንዳለ ጻፉ፤ የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ ምልክት አድርጉበት፤ ማን እንደሳቀና ማን እንዳረመም አትርሱ። የልጁን ስም ግን ተዉት።

አንድ ነገር ጨምሬ መድረኩን ልልቀቅ። «ና»ን ያፈረሱ ልጆች በደብተሬ ብዙ ናቸው። «እንካ»ን ያፈረሰ ግን አንድም አላገኘሁም፤ ሁለቱም ከሕግ ውጪ የሆኑ ትእዛዞች ሳሉ። ግምቴ ይህ ነው፦ «ና» ጎን «መጣ» ቆሞ ልጁን ያሳስተዋል፤ «እንካ» ግን «አንካ» ወይም «ነካ» የሚል የኃላፊ ጊዜ ዘመድ በትርጕም የለውምና የሚያሳስተው የለም። ከተዘረጋ እጅ ጋር ይማረዋል፣ እንደዚያው ይቀራል። የተለየ የሰማችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ወላጆች፣ ጥያቄውን ከእናንተ እንጀምር።