ዓለም በቃኝ ፈርሷል፤ ያዩት ግን አሁንም ከእኛ ጋር አሉ

(ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ)

አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የማያውቅ የለም። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ያሠራችው ይህ ሕንፃ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ ከፍታው 99.9 ሜትር መሆኑ ተነገረን። ኅብረቱ እንዲመሠረት ሊቢያ፣ ሲርት ላይ የተወሰነበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/99ን፣ እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። ለአንድ የስብሰባ ቀን መታሰቢያ ሜትር ተለክቶ ተሠራ ማለት ነው። ለመሆኑ ሕንፃው ያረፈበት መሬት ምን ነበር? ከርቸሌ ነበር። በከርቸሌ ግቢ ውስጥ ደግሞ ዓለም በቃኝ ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያለን፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ የምንገኝ ሰዎች፣ ይህን ስም የምናውቀው በአብዛኛው ከወላጆቻችን ወሬ ነው። እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ወሬ። ከእኛ በኋላ የመጡት፣ እዚህ አሜሪካ ተወልደው ዩኒቨርሲቲ የገቡት ታናናሾቻችን፣ ጨርሶ ሰምተውት አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ ላውራ፤ ከዚያ ለምን ዛሬ፣ ለምንስ ከላስ ቬጋስ እንደማነሳው እናገራለሁ።

ስሙ ራሱ ታሪክ ነው

በአማርኛ እስር ቤትን የምንጠራባቸው ቃላት እያንዳንዳቸው የዘመን ማኅተም አለባቸው። «ወህኒ» ከተራራ ስም የመጣ ነው፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች የሚጠበቁበት አምባ ወህኒ ይባል ነበር። ከዚያ በፊት ይኸው ሥራ የአምባ ግሸን ነበር። «ከርቸሌ» ደግሞ ከጣልያንኛው «ካርቼሬ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው እስር ቤት ነው። «ማረሚያ ቤት» የኋላ ዘመን ቢሮ ያወጣው ስም ነው።

«ዓለም በቃኝ» ግን የመነኩሴ ቃል ነው። ሰው ዓለም በቃኝ ብሎ ሲመንን ቤቱን፣ ንብረቱንና ዘመዱን በፈቃዱ ትቶ ይሄዳል። እስር ቤቱ የመነኩሴውን ቃል ወሰደና ፈቃዱን አወጣበት። በዚያ በር የገባ ሰው «ዓለም በቃኝ» አላለም፤ «ዓለም በቃህ» ነው የተባለው።

ሕንፃው ባለ ስምንት ማዕዘን ነበር። ክፍሎቹ መሐል ላይ ያለውን ግቢ ከበው የተሠሩ ስለነበሩ፣ እስረኛው ከውጭው ዓለም የሚያየው ከላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነበር።

ቁልፉ እጅ ሲቀያይር

እስር ቤቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንደነበረ ይነገራል። በሕዝብ ዘንድ ስሙ የገነነው ግን በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች አዲስ አበባን በደም ሲያጥቧት፣ የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ካጎሩባቸውና ከገደሉባቸው ቦታዎች አንዱ ዓለም በቃኝ ነበር።

ነጻነት ተመለሰ፤ እስር ቤቱ ግን አልተዘጋም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ቁልፉን ተረከቡ። የኤርትራ ተቃዋሚዎችና በመንግሥት ላይ ያመፁ ሰዎች ገቡበት። ከሜጫና ቱለማ ማኅበር አባላት አንዱ የነበረው መቶ አለቃ ማሞ መዘምር የተሰቀለው እዚያ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ጽሕፈት ቤት ሆኖ የተሰጠው ሕንፃ ለፖሊስ ትምህርት ቤት የተሠራ ነበር፤ ጎረቤቱም ከርቸሌ። የአፍሪካ መሪዎች በየዓመቱ እየመጡ ስለ ነጻነት ሲናገሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ቆሞ ነበር።

ቀጥሎ ደርግ መጣ። ቅዳሜ፣ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ታስረው የከረሙ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መኳንንት ወደ ከርቸሌ ተወስደው በጥይት ተደበደቡ። ዛሬም «ስድሳዎቹ» እየተባሉ የሚጠሩት ናቸው። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ አብረው ነበሩ። ያለ ፍርድ ተገድለው እዚያው በጅምላ ተቀበሩ። አፅማቸው ወጥቶ በክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የገባውን ሰው ስም ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና የቤተሰቡ ሴቶች ወደ 14 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳለፉ። ጋዜጠኛ ማርታ ኩምሳ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1989 ያለ ክስ ታሰረች። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም፣ ባላቸው ተወስደው ከተገደሉ በኋላ፣ አስር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። አስቡት፤ የንጉሥ ልጅ፣ ጋዜጠኛ፣ የቄስ ሚስት፤ በአንድ ዘመን የአንድ መንግሥት እስረኞች።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ቁልፉ እንደገና እጅ ለወጠ። አሁን ደግሞ የገቡት አሳሪዎቹ፣ የደርግ ባለሥልጣናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከርቸሌ ተዘግቶ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ሄዱ። በ2007 ሕንፃው ፈረሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ 99.9 ሜትሩ ቆመ።

የሁላችን የነበረ አንድ ቦታ

እንግዲህ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ በውጭ ያለነው፣ ሐዘናችንን በየቤታችን ከፋፍለን ነው የምንይዘው። የስድሳዎቹ ቤተሰብ በህዳር ያስባል። የኢሕአፓው ትውልድ የራሱን ሰማዕታት ይዘክራል። ኦሮሞው የራሱን፣ ኤርትራዊው የራሱን። የደርግ ባለሥልጣናት ልጆችም አባታቸው የታሰረበትን ዘመን በልባቸው ይዘው ዝም ብለዋል። ሁሉም የራሱን እስረኛ ያስታውሳል፤ የራሱ ወገን ያሰረውን ግን አያነሳም።

ዓለም በቃኝ ይህን ክፍፍል የሚያፈርስ ማስረጃ ነበር። የሁሉም ሰው እስረኛ እዚያ ነበር፣ የሁሉም ሰው አሳሪም እዚያ ነበር። ማንም ብቻውን «የኔ ነው» ሊለው አይችልም። ግድግዳው አንድ፣ በሩ አንድ፤ የተለዋወጠው ቁልፍ ያዡ ነው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን የአንድ መንግሥትን ግፍ ነው የሚናገረው፤ የተሠራውም ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። የወደቀን መንግሥት መክሰስ አይከብድም። ዓለም በቃኝ ቢቆም ኖሮ ግን ተረኛውንም ቁልፍ ያዥ ይጠይቅ ነበር።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የምኖርበት ከተማ በማፍረስ የታወቀ ነው። ላስ ቬጋስ አሮጌ ሆቴል ሲያፈርስ ርችት ተኩሶ፣ ሕዝብ ሰብስቦ ነው። ስታርደስት የሚባለው ዝነኛ ካዚኖ በፈንጂ የፈረሰው በ2007፣ ከርቸሌ በፈረሰበት ዓመት ነው። ትሮፒካናም በ2024 ተከተለው። ሆኖም ይህች ምንም ነገር የማታስቀር የምትመስል ከተማ አንድ ቤት አስቀርታለች። በ1933 የተሠራው የፌዴራል ፍርድ ቤትና ፖስታ ቤት፣ በ1950 የሴኔተር ኪፎቨር ኮሚቴ ስለ ማፊያ ምስክር የሰማበት ነው። የፌዴራል መንግሥት በ2000 ለከተማው በአንድ ዶላር ሸጠው፤ ታድሶ ለባህል አገልግሎት እንዲውል በሚል ግዴታ። ዛሬ የማፊያ ሙዚየም ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2012፣ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከተመረቀ ከ17 ቀን በኋላ ነው። ከተማዋ የሚያሳፍራትን ታሪኳን ቲኬት ቆርጣ ታሳያለች።

የኛው የኔቫዳ ግዛት አሮጌ እስር ቤት ካርሰን ሲቲ ነው ያለው። ከ1862 እስከ 2012 ሠርቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ሰው በመርዝ ጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርድ የተገደለው እዚያ ነው፣ በ1924። ከተዘጋ በኋላ ታሪኩ እንዳይጠፋ የተቋቋመ ማኅበር ሰው እያስጎበኘበት ነው።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ ግን ጆሃንስበርግ ነው። ጋንዲም ማንዴላም የታሰሩበት አሮጌ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ደቡብ አፍሪካውያን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸውን ሠሩ። ለግንባታው ሲሉ አንዱን የእስረኛ ሕንፃ አፍርሰዋል፤ እነሱም አፍርሰዋል ማለት ነው። ጡቡን ግን አልጣሉትም። በዚያው ጡብ የችሎቱን አዳራሽ ግድግዳ ገነቡበት፤ ደረጃዎቹንም እንዳሉ ተዉአቸው። ዳኛው ቀና ሲል የእስር ቤቱን ጡብ ያያል። ያ ፍርድ ቤት የተከፈተው በ2004፣ ከርቸሌ በተዘጋበት ዓመት ነው። ስለዚህ «ልማትና ትዝታ አብረው አይሄዱም» የሚለው ወሬ አይሠራም።

«ቁስል ለምን ይነካካል?»

ይህን ሳነሳ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «እንኳን ፈረሰ! የግፍ ቤት ምን ያደርጋል? በቦታው የአፍሪካ ኩራት ቆመበት» ይባላል። እዚያ ታስሮ የወጣ ሰው እንዲህ ቢል እረዳዋለሁ፤ ያንን በር ዳግም ላለማየት መብት አለው። እኛ ያልታሰርነው ግን በእሱ ስም «ይረሳ» ማለት አንችልም። ደግሞም ሕንፃው መፍረሱ ልማዱን አላፈረሰውም፤ እስረኛው ከርቸሌን ለቆ ቃሊቲ ገባ እንጂ ቤቱ አልሄደም።

በሥራዬ አንድ ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያው ሕግ «ሎጉን እንዳትነኩት» የሚል ነው። ምን እንደተፈጠረ የሚያሳየውን መዝገብ ካጠፋህ፣ ያው ብልሽት ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔም እንደ አዲስ ትደነግጣለህ። የእኛ አገር የፖለቲካ ብልሽት ሁልጊዜ አዲስ የሚመስለን ለዚህ አይደለም ትላላችሁ?

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት ዓለም በቃኝን ጨምሮ የሩዋንዳን፣ የአፓርታይድንና የባሪያ ንግድን ሰለባዎች የሚያስብ የሰብዓዊ መብት መታሰቢያ በግቢው እንዲኖር አቅዷል። ታህሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ማዕከላዊ ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል ብለው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ለጥቂት ቀናት ለሕዝብ ተከፍቷል። ዕቅድና ቃል ግን ከመንግሥት ጋር ይቀያየራል። እኛ መንግሥት መጠበቅ የለብንም።

በእጃችን ያለው ሥራ

ከርቸሌን ያዩ ሰዎች በየከተማችን አሉ። በላስ ቬጋስ፣ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ የምንሳለማቸው፣ «ጋሼ» እና «እትዬ» የምንላቸው ናቸው። የታሰሩ ብቻ አይደሉም። ስንቅ ያመላለሱም አሉ። በቀይ ሽብር ዘመን የአንዲት እናት ትልቁ ፍርሃት «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» መባል ነበር፤ የልጇን ሞት የምትረዳው በዚያ ነበርና። ያንን ሰልፍ ማንም አልመዘገበውም።

ክላርክ ካውንቲ በ2023 እዚህ ላስ ቬጋስ ላይ ለአንድ ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ሲያጸድቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ስማችን ካርታ ላይ ወጣ። አሁን ትዝታችንንም እናውጣ። የምለው ከባድ ነገር አይደለም፦

አንደኛ፣ እንጠይቅ። «ታሪክህን ንገረኝ» ሲባል ሰው ይጨነቃል። «በር ላይ ስትደርስ ምን አየህ? ከማን ጋር በላህ? ፀሐይ በየት በኩል ትገባ ነበር? ስንቅ ማን ያመጣልህ ነበር?» ቢባል ግን ይከፈታል። ስልካችን በቂ መቅጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ እናክብር። ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ አለ፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ የሚፈራ አለ፣ «ከሞትኩ በኋላ ይውጣ» የሚል አለ። ይህ በጽሑፍ ይያዝ፤ ይከበርም።

ሦስተኛ፣ የእኛ የተማርነው ሰዎች ድርሻ። ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤተሰብ እጅ፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በማኅበራችን። ከትዝታና ከፎቶግራፍ ተነስተን ያንን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት በኮምፒዩተር መልሰን መሥራት እንችላለን፤ የማን ክፍል የት እንደነበር ያዩት ሰዎች በጣታቸው እያመለከቱ። የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ፣ ይኸው!

አራተኛ፣ እና ከሁሉም የሚከብደው፣ የራሳችንን ወገን ብቻ አንጠይቅ። የስድሳዎቹ ልጅ የኢሕአፓውን ይጠይቅ፤ የኢሕአፓው ልጅ የኦሮሞዋን እናት ይጠይቅ፤ የደርጉ ሹም ሽማግሌም ይጠየቅ። ዓለም በቃኝ ያላደላውን እኛ አናድላ።

በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰባውን አልፏል። ሕንፃውን ያፈረሰው ዶዘር ነው፤ ምስክሮቹን የሚወስዳቸው ግን ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ አያማክርም። በዚህ ሳምንት የምታውቋቸውን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ቡና ጋብዟቸው። ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ቸር እንሰንብት።